አባቴ ትምህርት ቤት የዋለበት ወር

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ በኋላ ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት ማኪናውን ተክሎ ይሠራ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ትምህርት ቤት አስገባኝ። በሰፈራችን ሴት ልጁን ያስመዘገበ ሌላ አባት ስላልነበረ ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ አለ።

የመጀመሪያውን ቀን ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ደወል ተደውሎ ዘበኛው የብረቱን በር ገጭ አድርጎ ሲዘጋና ጓጉንቸሩን ሲቆልፍ ግን ወደ በሩ ሮጥኩ። በሩን ይዤ እሪ አልኩ። ለቅሶዬ አላባራ ሲል ዘበኛው ራሱ እጄን ይዞ ቤቴ መለሰኝ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። በአራተኛው ቀን አልጋ ሥር ገብቼ አልወጣም አልኩ።

እናቴ «ጥጋብ ነው፤ አንድ ቀን ብትገረፍ ይለቃታል» አለች። አባቴ ግን መሬቱ ላይ በደረቱ ተኝቶ ወደ እኔ አየ።

«ማንን ነው የምትፈሪው፣ የኔ ሸጋ? አስተማሪውን?»

«አይደለም።»

«ልጆቹን?»

«በሩን» አልኩት። «ይቆለፋል። አንተ ብትመጣም አይከፈትልህም።»

በጦርነቱ ጊዜ፣ ገና ድክ ድክ ስል፣ ቦምብ ፈርተን ከእናቴ ጋር የሰው ምድር ቤት ውስጥ ተቆልፎብን እንደሰነበትን፣ እሱም ያን ጊዜ አብሮን እንዳልነበረ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ከአንድ ጓደኛው ጋር ማኪናውን ተሸክመው ወስደው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ በክፍላችን መስኮት ትይዩ አስቀመጡት።

«ድምፁን ከሰማሽ አለሁ ማለት ነው። ስሄድም ነግሬሽ ነው እንጂ ተደብቄ አልሄድም» አለኝ።

አስተማሪያችን ወጣት ነበር። ወጥቶ አየው።

«ምነው አያ፣ ገበያው ወደዚህ ዞረ እንዴ?»

«ልጄ እስክትለምድ ነው፣ ጌታዬ።»

አስተማሪው ትንሽ አሰበና ተመልሶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። እኛ ፊደል ስንቆጥር ከውጭ ማኪናው ይንተረተራል። ድምፁ ሲቋረጥ አንገቴን አስግጌ አያለሁ፤ መርፌው ላይ ክር እያስገባ ነው። ደንበኞቹ ፒያሳ ሲያጡት እያጠያየቁ መጡ። አስተማሪው ሳይቀር የኮቱን ገበር አሰፋው። ልጆቹም በእረፍት ሰዓት ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዛቸውን በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብሉታል፤ ሸሚዙ ተሰፍቶ እስኪመለስ ድረስ ከእኔ ጋር ሲጫወቱ ይቆያሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ ጓደኞቼ ሆነው ቀሩ።

ወር ሊሞላ ሲል፣ አንድ ጠዋት መንገድ ላይ እጄን ከእጁ አወጣሁ።

«አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ ፒያሳ ዋል።»

«ምነው?»

«ማኪናህ ይጮሃል። አስተማሪው የሚለውን አላሰማ አለኝ።»

ቆመ። የተቆጣ መስሎኝ ቀና ብዬ ባየው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ማታ እራት ላይ ወደ እናቴ ዞረና፣

«ሰማሽ? ልጅሽ ከሥራ አባረረችኝ» አላት።

እናቴ እስኪያስላት ሳቀች። በማግስቱ ማኪናውን ወደ ፒያሳ መለሰው። እኔን ግን ሦስተኛ ክፍል እስክገባ ድረስ ጠዋት ጠዋት መሸኘቱን አልተወም።