የወፍ ከረጢትና የቂጣ ከረጢት

ሥራ የጀመርኩት በጥቅምት ነው፤ ሊሙ ገነት አጠገብ፣ በሐጂ ጀማል የቡና ጫካ ውስጥ። ከዚያ በፊት ሄርማታ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ቦንዳ ልብስ ገበያዬን ሲገድለው ሰብለ የምትባል የወፍ ተመራማሪ ከረጢት ልታሰፋ መጣች። ክር ስተረትር አየችና "ወፍ ከመረብ መፍታት ትችላለህ?" አለችኝ።

"ደመወዝ ካለው ዝንብም እፈታለሁ" አልኳት።

ሥራው ቀላል ነው። ከፈረንጅ አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡትን ወፎች በቀጭን መረብ እንይዛለን። ፈትተን በጨርቅ ከረጢት እናስገባቸዋለን፤ እንመዝናለን፤ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት በፒንሳ ገጥመን እንለቃለን። ሌላ አገር ሲያዙ ከየት እንደመጡ ይታወቃል።

በመጀመሪያው ቀን ሐጂ በጠዋት መጥተው መረቡን አዩና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

"አንዲት ወፍ ብትሞት፣ ወላሂ፣ ጠቅልላችሁ ከጫካዬ ትወጣላችሁ።"

እኔ የስፌት ማሽኔን ሸጬ ነው የመጣሁት። ከወፎቹ ይልቅ ለራሴ ፈራሁ።

መጀመሪያ የፈታሁት ጥቁር ኮፍያ የደፋ የሚመስል ትንሽ ወፍ ነው። ጣቴን ነከሰኝ፤ ሰደብኩት። ተራው እስኪደርስ ከረጢቱን አስሬ ቡና ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት።

እዚህ አገር ግን ቡና ለቃሚ ሁሉ ምሳውን የሚሰቅለው ቡና ቅርንጫፍ ላይ ነው። የምሳ ከረጢታቸውንም የሰፋሁላቸው እኔው ነኝ፣ የወፍ ከረጢቶቹን ከሰፋሁበት ከዚያው ነጭ አቡጀዲ።

ሰብለ ከረጢቱን ሚዛን ላይ አንጠለጠለችና አፈጠጠች። "ነስሩ፣ ይሄ ወፍ ነው ዶሮ?"

ፈታችው። ቂጣ ነው።

ወፉን ከለቃሚዎቹ አንዱ ምሳዬ ብሎ ወስዶታል፤ ቅርጫት ውስጥ ታፍኖ ደግሞ ብዙ አይቆይም። እየተጋፋን ሮጥን።

ሐጂ ከለቃሚዎቹ መሃል ተቀምጠዋል። የሁሉንም ቂጣ መቅመስ ልማዳቸው ነው። ዘሃራ የምትባል ለቃሚ ከረጢቷን ፈትታ "ማሎ ሐጂ፣ የኔንም ይቅመሱልኝ" እያለች ትለምናለች።

"ቢስሚላህ" ብለው እጃቸውን ከተቱ። ቀስ ብለው ያወጡት ወፍ ጭብጣቸው ውስጥ አይንቀሳቀስም።

"ሞቷል እንዴ?"

እኔ ማሽኔን የገዛውን ሰውዬ አሰብኩ፤ ቢመልስልኝ ብዬ። ያን ጊዜ ወፉ እጅጌያቸው ላይ አራ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ሰብለ፣ ማተቧ አንገቷ ላይ እያለ። "ሐጂ፣ ጣትዎን ላላ ያድርጉልኝ።"

እሳቸው ይዘውልኝ ቀለበቱን ገጠምኩ። ሲለቁት በርሮ አንድ ዋንዛ ዛፍ ውስጥ ገባ።

ሐጂ እጅጌያቸውን በቅጠል እየጠረጉ ፈረዱ። "የሞተ የለም፤ መረቡ ይቆይ። የዘሃራን ቂጣ ግን አምጡ፣ እኔ እስካሁን አልቀመስኩም።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወፍ በእጄ አልፏል። ዘሃራ ዛሬም ከረጢቷን ዳብሳ ሳታይ አትፈታም። ለጀማሪዎች የምለው ይህን ብቻ ነው፤ የወፍ ከረጢት ከቀይ ጨርቅ ይሰፋ፣ ምሳ በሚሰቀልበት ዛፍም አይሰቀል።