ጥሩ መስመር

የኮሮናው እገዳ ላላ ብሎ አውሮፕላን መብረር የጀመረ ሰሞን ነው። ጆበርግ፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ፣ የአውሮፓ ሽርሽራችንን ከባለቤቴ ጋር በስልክ አቅዳለሁ። «አቴንስ በአውሮፕላን፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ከዚያ በመርከብ ጣሊያን፣ ከጣሊያን በባቡር ፓሪስ» እላታለሁ። አጠገቤ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ የሚበላ ሰውዬ ጉርሻውን አየር ላይ አቁሞ ያዳምጠኛል።

ጆበርግ ውስጥ እንዲህ የሚያዳምጥህ ሰው ለደግ አይደለም። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ጭምብሉን እስከ ዓይኑ ስቦ ተከተለኝ። ስፈጥን ይፈጥናል። መኪናዬ ጋ ስደርስ ደረሰብኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«ወንድሜ፣ አትደንግጥ» አለኝ በሹክሹክታ። «ቴምቢሳ ሰፈር ሱቅ አለኝ። መስመርህን ሰማሁት፤ ጥሩ መስመር ነው። ሰው ስታሻግር እኔንም ጨምረኝ።»

«ኧረ እኔ ደላላ አይደለሁም! ለሽርሽር ነው፤ አይተን እንመለሳለን።»

ግራ ቀኙን ቃኘና ከት ብሎ ሳቀ። «እዚህ የደረስኩት በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጌ ነው። ያልዋሸኝ ደላላ የለም። አውሮፓ ገብቼ እመለሳለሁ ያለኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። ካላመንከኝ ይቅር!» ብሎኝ ሄደ።

መኪና ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ እፎይ ስል ኪሴ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ለካ ስልኩን አልዘጋሁትም።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለች ባለቤቴ። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ። የመሄጃውን ትኬት ስትቆርጥ፣ የመመለሻውን የተውከው ለምንድን ነው?»