ሰርጊስን የመሰለው ሾፌር

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ዳባት ነው። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ጻፍኩት።

ወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ሚስት አላገባም። የሚወደው በሊማሊሞ በኩል አስመራ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ፍቅራቸው የባልና ሚስት ፍቅር ነው። ይህን የማውቀው እኔ ታላቅ እህቱ ብቻ ነኝ። ቢሰማ ካድሬውም ጎረቤቱም አያስቀምጧቸውም።

አንድ ጊዜ ደብሩ የሰማዕታቱን የሰርጊስንና የባኮስን ሥዕል አዘዘው። አብረው የኖሩ፣ አብረው የተሠዉ ወታደሮች ናቸው። ቀለሙን ሾፌሩ ከአስመራ አምጥቶ ለገሰ። በእኛ ልማድ ለሥዕል የለገሰ ሰው ከታች፣ ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል።

ወንድሜ እስኪጨርስ ለማንም አያሳይም። የደብሩ አለቃ መምሬ ሊያዩ ቤታችን መጡና ወንድሜ ሸራውን ሲገልጠው ክው አልኩ። ሰርጊስ ራሱ ሾፌሩ! ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ጠመም ያለ አፍንጫ። ባኮስ ደግሞ ወንድሜ፣ እጁን ይዞት። ከታች ማንም የለም። አንተ ሞኝ፣ በገዛ እጅህ ተያዝክ! አልኩ በሆዴ።

መምሬ ጎንበስ ብለው ከታች ፈለጉ።

"ቀለሙን ያመጣው ልጅ የታለ?"

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። "መምሬ፣ እታች ልደፋው አንጀቴ አልቻለም።"

ቀና ብለው ሥዕሉን አዩ፤ ከዚያ ወንድሜን። ሮጬ በሩን ዘጋሁት። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ "ለሁለቱም ጢም አብቅልላቸው። ወፈር አድርገህ። ሕዝቡ ለንግሥ ሳይመጣ" አሉት።

ጢሙ በቀለ። ሕዝቡም እልል ብሎ ተሳለመ። እፎይ አልኩ።

ያ ጉደኛ ሾፌር ግን ሥዕሉን አይቶ ሄደና በሌላ ጊዜ ሲመለስ ጢሙን አንዠርግጎ መጣ!

"አንተ ሰው፣ ልታስጨርሰን ነው?" ብዬ ጮህኩበት።

"እትዬ፣ እዚያ ሳየው አምሮብኛል እኮ" አለኝ። ተናድጄ ሳለሁ ሳቄ አመለጠኝ።

በኋላ ጦርነቱ ሲከፋ መኪናውን ለዘመቻ ወሰዱት፤ እሱም አብሮ ሄዶ ቀረ። ወንድሜ ምን ብሎ ለቅሶ ይቀመጥ? ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ያለቅስ ነበር። የሚያየው ሁሉ "እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሰው ነው!" ይላል።

መምሬን ነፍሳቸውን ይማር። አሁን እኔ ዳባት በሄድኩ ቁጥር ሰርጊስን እሳለማለሁ። ወንድሜን የወደደልኝን ሰው የማገኘው እዚያ ነው።