ሳል ይዞ ስርቆት

ረግረጉ ዳር ሰው ሁሉ «እትዬ ጸጥ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። ወፍ ለማየት የሚመጣውን ሁሉ ሸንበቆው መሀል ወዳለው የእንጨት ማማ ታስገባና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ጸጥ» ትላለች። ለፍላፊ የተባለ ሁሉ አፉን ይዞ ይቀመጣል። ሟች ባሏ «እኔ ላይ ስትለማመጂ ኖረሽ፣ አሁን ደመወዝ አገኘሽበት» እያለ ይስቅባት ነበር።

የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ «እኔስ መቼ ነው የማስጎበኘው?» እያለ ሲነዘንዛት «አንተ? አፍህ ቤቱ አይውልም» ትለው ነበር።

በደረቁ ወራት ማብቂያ ሸንበቆው ተቃጠለ። ማማው ለጥቂት ተረፈ። ዋርሳዋ ቀድሞ ለጥብቅ ስፍራው ኃላፊ ሹክ አለ፤ «እሳቱን የለቀቀው የእትዬ የከሰል ምድጃ ነው» ብሎ። እሱ በዚያን ቀን ከተማ እንደዋለ ምሎ ተገዘተ። የማማው ቁልፍ ከእሷ አንገት ወርዶ እሱ ኪስ ገባ።

ከተማ ዋልኩ ያለው ሰው ግን ይስል ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ሳሉ የእሱ፣ ቂሙ የእሷ ሆነ። ቂሟን እንደ እንቁላል ታቀፈችው።

ፀደይ መጣ። ከጥቁሩ መሬት ለጋ ሸንበቆ ብቅ ብቅ አለ። አንዲት ሳቢሳ የምትባል የውሃ ወፍም ተመልሳ፣ እሳት ከዘለለው ጥግ ጎጆ ሠርታ እንቁላሎቿን ታቀፈች። ኃላፊው እንግዶች ይዞ ሊያያት መጣ። እትዬ ጸጥ እንደ ማንም ጎብኚ ትኬት ቆርጣ ከኋላቸው ገባች።

«ምን እግር ጣለሽ እትዬ?» አለ ዋርሳዋ።

«ወፍ ልይ ብዬ ነዋ። ሰው ማየትስ ሰለቸኝ።»

መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ሳቢሳዋ ረጅም አንገቷን ስታወጣ መነጽሮች ሁሉ ተነሡ፤ ትንፋሽ ጠፋ። ያኔ እትዬ ጸጥ ከተቃጠለው ሸንበቆ ያፈሰችውን አመድ ከሻርፗ ፈታ ለንፋሱ ሰጠችው። ንፋሱ ወደ ውስጥ ነበር የሚነፍሰው። ዋርሳዋ ጉሮሮውን ያዘ፤ ሊያፍነው ታገለ፤ ሳሉ ግን አሸነፈው። ሳቢሳዋ ክንፏን ዘርግታ ሄደች።

«ምነው አንተ ሰውዬ?» አለ ኃላፊው ተቆጥቶ።

እትዬ ጸጥ የዋርሳዋን ጀርባ እንደ እናት መታ መታ አደረገች። «አይዞህ ወንድሜ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የያዘህ?»

«ከቃጠሎው ቀን ጀምሮ ነው» አለ፣ እንባው እየወረደ፣ እንግዶቹ እንዲያዝኑለት። «ነፋሱ ዞሮ ጭሱን አስታቀፈኝ እኮ።»

«ከተማ አልነበርክም እንዴ?»

ማማው ጸጥ አለ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገ ግን አልነበረም። ኃላፊው ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

ዋርሳዋ ሲወጣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ «ሳቢሳዋን ግን አባረርሻት» አላት።

«እሷ ትመለሳለች። የማትመለሰው አንተ ነህ።»

ሰዉ ሁሉ ሲሄድ ቁልፉን አንገቷ ላይ አጥልቃ ብቻዋን ተቀመጠች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ እንቁላሎቹ ለሰማይ እንደተጋለጡ ናቸው። መዳፏን አሸተተች፤ አሁንም አመድ አመድ ይላል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዓይኗን ግን ከባዶው ሰማይ አልነቀለችም።