ልጄን ጣሉልኝ፤ ሁለት መመሪያ ይዞ ላስታ መውጣት

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ወልድያ

ሰይድ መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ጎማዎቹን በየተራ በእግሩ መታ መታ አደረጋቸው። መስከረም ገብቷል፣ ዝናቡ ግን ገና አልለቀቀንም። ከኋላ ወንበር ሁለት የትምህርት መመሪያ አስቀምጫለሁ። አንዱ ሰኔ ላይ ከጎበኘሁት ክልል ያመጣሁት፣ ሌላው የዚህኛው ክልል ነው። «እያንዳንዱን ተማሪ እንደ አቅሙ ማስተማር» የሚባለውን ነገር የትኛው በተሻለ እንደያዘው አነጻጽሬ ለጋዜጣው መጻፍ አለብኝ። ጸጉሬ የሸበተው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስለሆነ ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው?» አለኝ ሰይድ የድልብን ዳገት ስንጀምር።

«እሱን እኮ ነው ያላወቅኩት።»

«አብሽሩ፤ ገሸና እስክንደርስ ይገለጥልዎታል።»

ማክሰኞ፣ ረፋድ፤ ገሸና

አልተገለጠልኝም። ነፋሱ የምግብ ቤቱን መጋረጃ ያንገላታዋል፤ ትኩስ ሽሮ በልተናል። መመሪያዎቹን ከትሪው ጎን ዘርግቼ አነባለሁ። የዚያኛው ክልል ያልቻለ ልጅ ክፍሉን ይድገም ይላል። የዚህኛው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማንም አይደግምም፣ መምህሩ እየደገፈ ያሳልፈው ይላል። ምክንያታቸው ደግሞ አንድ ነው፤ ሁለቱም ልጁን እንደ አቅሙ ለመርዳት ነው ይላሉ። ደጋግሜ አነበብኩት፣ ጭራሽ ተምታታብኝ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚህኛው መመሪያ አድልቷል። ሰኔ ላይ በዚያ ክልል አንድ አባት «ልጄን አትጣሉብኝ» እያለ ርዕሰ መምህሩን ሲለማመጥ አይቼ አንጀቴን በልቶኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት፤ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ

ላሊበላ አድረን በጠዋት ወጣን። መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ነው፤ ግራና ቀኙ ማሸት የጀመረ ገብስ፣ ራቅ ብሎ ጽድ። ከመንገዱ ዳር አንድ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ትምህርት ቤት አገኘንና ቆምን። መምህር ጌታሁን የሚባል ወጣት ጠረጴዛውን ደጅ አውጥቶ ተማሪ ይመዘግባል። ፊቱ ወይዘሮ ፈንታዬ የተባሉ እናት ቆመዋል። ልጃቸው ትርንጎ ከኋላቸው ሆና የነጠላቸውን ጫፍ ታኝካለች።

«አራተኛ ክፍል አላስመዘግባትም» ይላሉ እናትየው። «ሦስተኛን ትድገም። ልጄን ጣሉልኝ።»

«እትዬ ፈንታዬ፣ ተዛውራለች እኮ። ካርዷ ላይ ተጽፏል።»

«እንግዲያ ካርዷ ይለፍ፣ እሷ ትቅር። ስሟን እንኳ አታነብም። ወንድሟን እንዲህ እያሳለፋችሁ እያሳለፋችሁ ወስዳችሁ ስምንተኛ ላይ ጣላችሁት። ይኸው ዛሬ እርሻም አይወድ፣ ትምህርትም የለው፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይውላል። ይችን አልሰጣችሁም። ወይ ትድገም፣ ወይ ይዣት እገባለሁ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ልጄን አትጣሉብኝ ያለውን አባት አይቼ የመጣሁ ሰው ልጄን ጣሉልኝ የምትል እናት ትግጠመኝ?

መምህሩ ፈንጠር አድርጎ ወሰደኝ። «ልክ ናቸው። ልጅቷ ፊደል አልለየችም። ግን ደጋሚ ካስቀረሁ ግምገማ ላይ ቆሜ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደግፋት ይሉኛል፤ ክፍሉ ሞልቶ ወለል ላይ ተቀምጠው የትኛውን ለብቻው ልደግፍ?»

ሰይድ ስለ ሁለቱ መመሪያ ሲነግራቸው የቆዩት ወይዘሮ ፈንታዬ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ አገር ዞረዋል አሉ። በዚያኛው ክልል ብትሆን ትደግም ነበር?»

«ትደግም ነበር።»

«ታዲያ የዚያ አገር ወላጅ ደስ ብሎታል?»

ያ አባት ፊቴ ላይ መጣ። «አይ፣ ደስ አላለውም» አልኩ። እሳቸውም ግራ ገባቸው፣ እኔም ግራ ገባኝ።

ወደ መምህሩ ዞረው «ጠዋት ጠዋት የሚማሩት እነማን ናቸው?» አሉት።

«አንደኛና ሁለተኛ ክፍል። ሦስተኛና አራተኛ የከሰዓት ፈረቃ ናቸው።»

«እንግዲያ ጠዋት ከሁለተኛዎቹ ጋር ፊደል ትቁጠር፣ ከሰዓት አራተኛ ትግባ። ያንተም ካርድ አይበላሽ።»

መምህሩ ሳቅ አለና ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ጠዋት እሷ የምትጠብቃቸውን ጥጃዎችስ ማን ይይዛል? ገብሱ እያሸተ ነው፣ ይገቡበታል።»

ወይዘሮ ፈንታዬ ወደ ማሳው አዩ፣ ልጅቷን አዩ። «ወንድሟ ይያዝ። እሱ ባይነሳ እኔ አለሁ።»

ትርንጎ አራተኛ ክፍል ተመዘገበች። እኛ ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሰን ጫማችንን አውልቀን ዋሻው ውስጥ ገባን። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ዓይኔን አልነቅልም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሐሳቤ ጥጃዎቹ ዘንድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፤ መመለስ

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለ መንደር አድረን ስንመለስ ሰይድ ሳልነግረው ትምህርት ቤቱ ጋ አቆመ። በመስኮት አየሁ፤ ትርንጎ ሁለተኛ ክፍሎች መሀል ተቀምጣለች፣ ከሁሉም በጭንቅላት ትረዝማለች። ታፍራለች፣ ግን ከንፈሯ ከመምህሩ ዱላ ጋር ከፊደል ወደ ፊደል ይሄዳል።

«ይኸ የትኛው መመሪያ ነው ልበል?» አልኩት መምህር ጌታሁንን ሲወጣ።

«ምንም አይበሉ። የትምህርት ቤቱን ስምም አይጻፉብኝ።»

ወይዘሮ ፈንታዬን ገብሱ ዳር አገኘናቸው። በእጃቸው በትር፣ ፊታቸው ሁለት ጥጃ። ወንድሟ እንዳልተነሳ ገባኝ። ከመቀነታቸው አሹቅ ፈተው ዘገኑልን።

«ጋዜጣው ላይ ምን ሊሉ ነው?»

«ገና አላወቅኩትም።»

«ትርንጎ ወድቃለች ብለው ይጻፉልኝ። መምህሩ ካርዱ ላይ እምቢ ብሎኛል። እርስዎ ከጻፉት አስቀምጥላታለሁ፤ ማንበብ ስትችል ራሷ ታየዋለች።»

ወልድያ ልንገባ ስንል ሰይድ በመስታወቱ አየኝ። «ታዲያ ተገለጠልዎ እትዬ?»

አልተገለጠልኝም። መመሪያዎቹ ከኋላ ወንበር አንዱ ባንዱ ላይ እንደተኙ ናቸው፤ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ዛሬም መልስ የለኝም። ስለዚህ የታዘዝኩትን ብቻ እጽፋለሁ። ትርንጎ ሦስተኛ ክፍልን ወድቃለች።