ከከተማው ጋር የተደመሩት ሴትዮ

ዴልማ በማዕድን ከተማው አዳራሽ ሻይ ስታድል ነው ሴትዮዋን ያየቻቸው፤ ከዚያ በፊት አታውቃቸውም። የወንድ ባርኔጣ አድርገዋል። በኩላሊት እጥበት መርፌ ብዛት ያበጠውን የግራ ክንዳቸውን ሰው ባለፈ ቁጥር በሻርፕ ይሸፍኑታል።

የሕዝብ ቆጠራው ውጤት በካርታ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ የደረቀውን ወንዝ በጣታቸው እየተከተሉ ሄደው ሄደው ቆሙ።

"ልጄ፣ የኛ መንደር የታለ?" አሉ ወደ ቆጠራው ሠራተኛ ዞረው።

"አክስቴ፣ ትንንሽ መንደሮች ለብቻቸው አይወጡም። ከዚህ ከተማ ጋር በአንድ ወሰን ተደምራችኋል።"

"የኩላሊት ማሽኑስ?"

"በወሰናችሁ ውስጥማ አለ። እዚሁ ከተማ ያለው የናንተም ተብሎ ተቆጥሯል።"

"እሱማ መኖሩን መች አጣሁት! ለሱ ብዬ አይደል ባሌን በረሃ ጥዬ እዚህ ሰው ቤት የምኖረው?" ጣታቸውን ከካርታው አንስተው ወደሱ ቀሰሩ። "ሰዉ ከናንተ ሲደበቅ በየደጁ ዞሬ 'ተቆጠሩ፣ ማሽኑ መንደራችን ይመጣል' ብዬ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ በያቸው ያልከኝ ደግሞ አንተ ነህ።"

ወጣቱ አቀረቀረ። "መስመሩን ያሰመርኩት እኔ አይደለሁም፣ አክስቴ።"

ዴልማ ሻይ ሰጠቻቸው። ተቀብለው ሳይቀምሱት ያዙት።

"ባሌ አልቆጠርም ብሎ ነበር" አሏት ቀስ ብለው። "ለኔ ሲል ነው የወጣው።"

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ማን እንደደወለ አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሲያነሱት ድምፃቸው የደስተኛ ሰው ነበር።

"ወዬ፣ የኔ ሽማግሌ! ኧረ ገና ነው፣ ምንም አልነገሩንም።"