ግራ እጅ የጨረሰው ሰፌድ

እህቴ ሐሳብ ሲጠፋት አለላ ትነክር ነበር።

አለላ ማለት ሰፌድና መሶብ የሚሰፋበት፣ ቀለም የገባው ሣር ነው። በደረቁ ከሰፉበት ይሰበራል፤ ውሃ ከጠጣ ግን እንደ ክር ይታዘዛል። ችግሩ፣ አንዴ ከረጠበ ሰው አይጠብቅም። ሳይሰፋ ከከረመ ይሸታል፣ ይሻግታል። ስለዚህ እህቴ መሥራት ሲያስጠላት፣ ለብሎጓ የምትጽፈው ሲጠፋት፣ ብዙ ሳታስብ አንድ እፍኝ አለላ ሳፋ ውስጥ ትዘፈዝፍና ትተኛለች። ጠዋት ሣሩ ረጥቦ ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የስሜት ጉዳይ አይደለም። እንዳይበላሽ መስፋት ነው። ከሰፋች ደግሞ ስለሰፋችው መጻፍ አያቅታትም።

አንባቢዎቿ ትጋቱን ከየት ታመጪዋለሽ እያሉ ይጠይቋት ነበር። ከሳፋ ብላ ትመልስላቸዋለች። ቀልድ ይመስላቸዋል።

ብሎጉ በእጅ ስለሚሠሩ የቤት ዕቃዎች ነበር። ዋናው ስፌት ነው፤ ግን ዳንቴልም ነበረበት፣ ከአሮጌ ሹራብ የተሠራ ትራስም፣ ከባሕር ዛፍ ፍሬ የተሠራ መጋረጃም። መጋረጃው ቤታችንን የጉንፋን መድኃኒት አሸተተው። እናቴ ማንም ሳያስነጥስ ቤቱ የበሽተኛ ቤት መሰለ ብላ አወረደችው። ብሎጉ ላይ ግን አሁንም ድረስ ተሰቅሎ ይታያል፤ ከሥሩ ለትንፋሽ ተስማሚ የሚል ተጽፎበታል።

እኔ ፎቶ አንሺዋ ነበርኩ። ሹመቱን ያገኘሁት ጣቴን ከካሜራው ፊት ማራቅ ስለተማርኩ ነው፤ ሌላ ችሎታ አልነበረኝም። ቤታችን የካ ዳገቱ ላይ ነው። ከአጥራችን በላይ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። ጥሩ ብርሃን ስንፈልግ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ወጣ እንላለን፣ የተቆረጠ ጉቶ ፈልገን ዕቃውን እሱ ላይ እናስቀምጣለን።

ሰፌድ ክብ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔ ግን በደንብ የገባኝ አንድ ቀን ዳገት ላይ በጠርዙ አቁሜ የለቀቅኩት ጊዜ ነው። ተንከባለለ። ተከተልኩት። ከላይ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች እየወረዱ ነበርና መሀላቸው ገባሁ። አንዱ አብሬው የምሮጥ መስሎት፣ ቁልቁለት ላይ እንዲህ አይሮጥም፣ ጉልበትህን ትጎዳለህ ብሎ መከረኝ። ሰፌዱን ከቦይ ውስጥ አወጣሁት። ተመልሼ ስወጣ እህቴ መሬት ተቀምጣ በሳቅ ሆዷን ይዛ ነበር። በዚያ ሰሞን የሚጻፍ ጠፍቶባት ስታማርር ነው የከረመችው። ማታውኑ ስለ ሰፌድ ጠርዝ ጥንካሬ ጻፈች። ጠርዙ ምንም አልሆነም ነበርና።

እንግዲህ እንዲህ ነበርን።

መጨረሻ ላይ የጀመረችው አንድ ትልቅ ሰፌድ ነበር። ከእምብርቱ፣ ማለት ከመሀሉ፣ ጀምራ እየሰፋች የደረሰችበትን በየጊዜው ታሳያለች፤ አንባቢዎቿም በየቤታቸው አብረዋት ይሰፋሉ። ቀዩን ዙር እንደጨረሰች ታመመች። ሐኪም ቤት የሄደችውም የቀዩ ውሃ ባለበት ሳፋ ሌላ አለላ ነክራ ነው። እስክትመለስ ይረጥባል ብላ።

አልተመለሰችም።

ሳፋው ደጅ ቧንቧው ሥር እንደተቀመጠ ተረሳ። ድንኳን ተጣለ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ጎረቤቶች ዕቃ ሲያጥቡ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ አንዷ ሳፋው ውስጥ ያለውን ሣር አወጣችና ጣለችው፤ ውሃው ግን የሳሙና ውሃ መስሏት የእናቴን ነጠላ ዘፈዘፈችበት። ሲመሽ ስለነበር ቀለሙን አላየችም። ጠዋት ነጠላው ሮዝ ሆኖ ወጣ። ጥርት ያለ ሮዝ እንኳ አይደለም፤ እዚህ ደመቅ፣ እዚያ ፈዘዝ ያለ። ሴትየዋ አፍራ የምትገባበት ጠፋት። ለቅሶ ቤት ውስጥ የሀዘንተኛዋን ነጠላ ሮዝ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ ነጠላውን ተቀበለቻት፣ አየችው፣ ዘቅዝቃ ለበሰችው።

«ልጄ ቀለም ነክራኝ ሄደች» አለች።

ከዚያ ሳቀች። እኛም ሳቅን፤ ከዚያ መልሰን አለቀስን። የቱ የቱን እንደቀደመ አሁን በደንብ አላስታውስም።

ብሎጉ ላይ ግን ማንም አልሞተም ነበር። አንባቢዎቿ አያውቁም። አንዷ ከቀዩ ቀጥሎ ምን ቀለም ነው ብላ ጠይቃለች። አንዷ የእኔ ቀድሞሻል፣ ጠርዙ ላይ ቆሜ እየጠበቅኩሽ ነው ትላለች። አንዱ ደግሞ ሰፌዱ አድጎ መሶብ ሆነ እንዴ እያለ ይቀልዳል። ፎቶ የምጭነው እኔ ስለነበርኩ መግቢያ ቁልፉን አውቀዋለሁ። ልነግራቸው ብዙ ጊዜ ከፈትኩት። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አያቅተውም። እኔን አቃተኝ። የዚህ ብሎግ ጸሐፊ የሆነችው እህቴ ብዬ እጀምራለሁ፤ ማሰሪያ አንቀጹ ጋ ስደርስ እደመስሰዋለሁ።

ስለዚህ አንድ መላ መታሁ። መጀመሪያ ሰፌዱ ይለቅ አልኩ። ጨርሼ አሳያቸውና ያኔ እነግራቸዋለሁ። ባዶ እጄን ከምቀርብ ይሻላል።

እሷ እንደምታደርገው ማታ አለላ ነከርኩ። እናቴ ነጠላዋን ከገመዱ ላይ አነሳች።

ጠዋት ወስፌውን ያዝኩ። ስትሰፋ እያየሁ ነው ያደግኩት። ወስፌው ይበሳል፣ አለላው ይገባል፣ ይጠበቃል። ይኸው ነው። ግን እምቢ አለኝ። የሚቀጥለው የሣሩ ጫፍ ወደ አንድ በኩል ያመለክታል፣ እጄ ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል። ወደፊት ልሰፋ እነሳለሁ፣ እሷ የሰፋችው ላይ ተመልሼ እወጣለሁ። ሰፌዱን አዞርኩት። ራሴ ዞርኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ተቀመጥኩ። መስታወት ፊት ሁሉ ሞከርኩ፤ መስታወት ውስጥ ያለው ልጅ ከእኔ የተሻለ የሚሰፋ ይመስል ነበር። የሰፋሁትን ፈታሁ። አለላው ሸተተ፣ ደፋሁት። እንደገና ነከርኩ፣ እንደገና ሸተተ። የእህቴ መላ ለእሷ እንጂ ለእኔ አልተሠራም ብዬ ደመደምኩ።

እህቴን ስፌት ያስተማሯት ሴትዮ የካ አባዶ ይኖራሉ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ የሚናገሩ አሮጊት ናቸው፤ ድሮ እዚያው ገበሬ ነበሩ፣ አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ሰፌዱን እሳቸው ይጨርሱልኝ ብዬ በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱ ረጅም ነው። ሰፌዱ ጭኔ ላይ አልበቃ ብሎ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴትዮ ግማሽ ፊት ጋርዷል። ረዳቱ ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚወርደው እያለ ሰፌዱን ያሳያል።

እማማ በር ከፍተውልኝ ጉንጬን ሳሙኝና ሰፌዱን ሲያዩ ዓይናቸው ሞላ። ውሃ አመጡልኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ያ ጉርባ፣ እኔ ከጨረስኩትማ የእኔ ይሆናል» አሉ። ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው።

ወስፌውን መሬት ላይ አስቀመጡልኝ። ከእጅ ወደ እጅ አይሰጡም፤ ያጣላል ይላሉ። እኔም በግራ እጄ አነሳሁት።

አዩኝ። ግራኝ ነህ እንዴ ሲሉ ጠየቁ፤ አዎ አልኳቸው። ይህን ጊዜ ወስፌውን አስቀምጥ አሉና ቀኝ እጄን ይዘው ያስተምሩት ጀመር። አውራ ጣቴን ወጋሁት። ቀኝ እጅህ እንግዳ ነው፣ ገና ቤቱን አልለመደም እያሉ ሳቁብኝ። ደግሜ ወጋሁት። ከዚያ እህቴ የሰፋችውን ሊያዩ ሰፌዱን ገለበጡት። ስፌት የሚመዝኑት በጀርባው ነው። ፊቱን ማንም ያሳምራል ይላሉ።

ይህን ጊዜ ከታች ተጠሩ። ሰገነታቸው ላይ ሣር ያደርቃሉ፤ ነፋስ ሲመጣ ሣሩ የታችኛዋ ጎረቤት ልብስ ላይ ይበተናል። ክርክሩ የቆየ ነው መሰለኝ። ሰፌዱን እንደተገለበጠ ጭኔ ላይ ጥለውልኝ ወጡ። እዚህ ጤፍ ስዘራ ማን ልብስ ያሰጣ ነበር ሲሉ ይሰማኛል።

እኔም ሥራ ላለመፍታት ያህል ወስፌውን በግራዬ አነሳሁ። በሳሁ። አለላው ገባ። ደግሜ በሳሁ። ወደፊት ሄደ፤ ሰፌዱ ሲገለበጥ ዙሩ ለግራ እጄ ተመችቶ ኖሯል። የሣሩ ጫፍና እጄ ወደ አንድ በኩል ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ትንፋሼን ይዤ ሰፋሁ፤ ከተነፈስኩ የሚያመልጠኝ መሰለኝ።

እማማ ክርክሩን አሸንፈው ሲመለሱ አንድ ስንዝር ያህል ሄጃለሁ። ቆመው አዩ። ሰፌዱን ተቀበሉኝ፣ ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት። እህቴ ስትሰፋ ወደ እሷ የነበረው ለስላሳው ፊት አሁን ወደ ታች ዞሯል። በአንዱ በኩል የእሷ ለስላሳ ነው፣ የእኔ የሣር ጫፍ ተንጨባርሮበታል። በሌላው በኩል የእሷ ጀርባ ነው፣ የእኔ ፊት ነው። ፊት ማለት ከተቻለ።

«ድሮም ለዚህ ብዬ ነው የገለበጥኩልህ» አሉ።

አመሰገንኳቸው። ሁለታችንም እንዳልሆነ እናውቃለን።

ቀሪውን እቤት ሰፋሁት። ከቀዩ ቀጥሎ እሷ ምን ቀለም እንዳሰበች አላውቅም ነበር፤ አረንጓዴ አደረግኩት፣ ሳፋው ውስጥ ያለው እሱ ስለነበር። ስፌቴ አንዳንድ ቦታ ሰፍቷል፣ አንዳንድ ቦታ ተጨናንቋል። ግን አለላው አንዴ እንኳ አልሸተተም። ሳልደርስለት አድሮ አያውቅም። መሥራት ያላሰኘኝ ቀን ብዙ ነው፤ ያልነከርኩበት ቀን ግን አልነበረም።

ሲያልቅ እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፣ የእህቴን ፊት ወደ እኛ፣ የእኔን ወደ ግድግዳ አድርጋ። ትክክል ነው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምሰቅለው። በማግስቱ ከውጭ ስገባ ተገልብጦ አገኘሁት። እስካሁን እንደዚያው ነው፤ ሲገለበጥ አይቼ አላውቅም፣ ተገልብጦ ግን አገኘዋለሁ።

አንድ ቀን ከግድግዳው አውርጄ ወደ ላይ ወደ ባሕር ዛፉ ይዤው ወጣሁ፤ ያው ጉቶ ላይ አስቀመጥኩት። በዚህኛው ፊት ፎቶ አነሳሁት፣ ገልብጬ በዚያኛውም አነሳሁት። በጠርዙ አላቆምኩትም። እቤት ገብቼ ብሎጉን ከፈትኩ፣ ሁለቱንም ፎቶ ጫንኩና ከሥሩ ጻፍኩ።

«ከቀዩ ወደ ውስጥ ያለው የእህቴ ነው። ከቀዩ ወደ ውጭ ያለው የእኔ፣ የወንድሟ ነው። እሷ ቀዩን እንደጨረሰች ታመመች፣ አረፈች።»

ማሰሪያው መጣ። ቀለሙን እየተከተልኩ ስሄድ እዚያው ደረስኩ እንጂ የጻፍኩት አልመሰለኝም።

ነፍስ ይማር የሚለው ብዙ ነበር። ጠርዙ ላይ ቆማ የነበረችው፣ ብቻዬን ልጨርሰው አልፈለግኩም ነበር፣ አሁን እጨርሰዋለሁ አለች። ያ ቀልደኛው ረጅም ነገር ጻፈ፤ አንድም ቀልድ አልነበረበትም። ከእነሱ ሁሉ በኋላ አንዲት ልጅ መጣች። ስፌትህ የተገለበጠው ግራኝ ስለሆንክ ነው፣ እኔም ግራኝ ነኝ አለች። ከእህትህ ጋር ጀምሬ እምብርቱን እንኳ ሳልጨርስ ተውኩት፤ እጄ ለስፌት አልተፈጠረም ብዬ ነበር። ለግራኝ ከመጀመሪያው ወዴት ነው የሚዞረው? እስኪ አሳየን።

እምብርት ጀምሬ አላውቅም። እኔ የማውቀው እህቴ ከጀመረችው መቀጠል ነው። ለዚያች ልጅ ይህን ልጽፍላት አስቤ ነበር፤ ግማሽ ድረስ ጻፍኩት። ፈራሁ፤ ደግሞም ሰነፍኩ፤ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ አላውቅም።

ተነሳሁ። ሳፋውን ከቧንቧው ሥር አምጥቼ አንድ እፍኝ ቀይ አለላ ዘፈዘፍኩ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ውሃው መቅላት ሲጀምር ነጠላዋን ከገመዱ ላይ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።